ባለበት የመቆም ጥበብ፦ በሬዲዮ የሚታዘዝ ሄሊኮፕተር በሐይቅ ከፍታ

በአምባሰል ገደሎች አፋፍ ጭልፊት ክንፎቿን ዘርግታ፣ ነፋሱን ተደግፋ፣ ባለችበት ስትንሳፈፍ ያላየ የወሎ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። ሥራዋ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ለማብረር የሚነሣ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው፣ ከሁሉም በላይ የሚከብደው፣ ይኸው ባለበት መቆም ነው። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከፊዚክስ አንጻር እንመረምራለን። ለማሳያነትም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን የሐይቅ ከተማን አካባቢ እንወስዳለን።

ዘንበል ያለ አይቆምም

አብራሪው በሁለት አውራ ጣቶቹ አራት ነገሮችን ባንድ ጊዜ ያዛል፦ ከፍታን፣ የአፍንጫውን አቅጣጫ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሁም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበልን። ዋናው ተሽከርካሪ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ሲዞር፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት አካሉ ወደ ተቃራኒው ሊዞር ይሞክራል። ይህን የሚገታው በጅራቱ ላይ ያለው ትንሽ ክንፍ ነው።

ሄሊኮፕተሩ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል የአግድም ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ0.86 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይጨምራል። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ 1.7 ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ጊዜ አካሉን ማቅናት ብቻውን አያቆመውም፤ በኒውተን አንደኛ ሕግ መሠረት በያዘው ፍጥነት ይቀጥላልና። ለማቆም ወደ ተቃራኒው ማዘንበል፣ ከመቆሙ ጥቂት ቀደም ብሎም ማቅናት ያስፈልጋል። ጀማሪ ግን እንቅስቃሴውን ካየ በኋላ ያርማል፤ እርማቱ ስለሚዘገይም ከልክ ያልፋል፤ ውዝዋዜው እየሰፋ ሄዶ መሬት ላይ ያበቃል።

የሣሣ አየር ዋጋ

በሐይቅ ከፍታ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ ሙቀቱ 24 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት በኋላ ግን 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም 76 በመቶ ማለት ነው። የክንፉ የማንሣት ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከዙር ፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ የክንፉ ዝንባሌ ሳይለወጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የዙር ፍጥነቱ በ15 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ለማንዣበብ የሚያስፈልገው አቅምም በዚያው መጠን ይጨምራል። በባሕር ወለል 10 ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ እዚህ 9 ደቂቃ አይሞላም።

የዚህ ሕግ ጽንፍ የታየው በማርስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዚያች ፕላኔት ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ኢንጀኑይቲ የተባለች ሄሊኮፕተር 1.8 ኪሎ ግራም ብቻ ትመዝን ነበር። የአየሩ እፍግታ ከምድር 1 በመቶ ያህል በመሆኑ ግን 1.2 ሜትር ስፋት ያላቸው ክንፎቿ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል መዞር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 አገልግሎቷ እስኪያበቃ ድረስ 72 ጊዜ በርራለች።

ለጀማሪው

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሜዳው ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ነው። በማብረር መለማመጃ ፕሮግራም ላይ መቶ ጊዜ መውደቅ ምንም አያስከፍልም። ከዚያ በኋላ የሄሊኮፕተሩን ጅራት ወደ ራስ አድርጎ መጀመር ይገባል፤ አፍንጫው ወደ አብራሪው ሲዞር ግራና ቀኝ ይገለባበጣሉና። ጧት አየሩ ቀዝቃዛና እፍግ፣ ነፋሱም ጸጥ ያለ ስለሆነ ተመራጭ ነው። ቀን መሬቱ ሲሞቅ ከውኃው ወደ የብስ፣ ከሸለቆው ወደ ተራራው የሚነሣው ነፋስ ለጀማሪ አይመችም። በሐይቁ ላይ ማብረርም አይመከርም፤ ውኃ የወደቀበትን አይመልስም።

ሁለት ነገር ከጨዋታ አይቆጠርም። 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰውና ከብት ባለበት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደረሰበት በደቡብ ወሎ ከሰማይ የሚመጣ የሞተር ድምፅ ለብዙ ቤተሰብ የሥጋት ድምፅ ነው። ስለዚህ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ካልፈቀደና ጎረቤት አስቀድሞ ካላወቀ፣ ትምህርቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ቢቆይ ይሻላል። በዚያም ቢሆን የሚቀስመው ፊዚክስ አይጎድልበትም።

ለአንባቢ አንድ ጥያቄ እንተዋለን። በአምባሰል አንድ የ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.85 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ የክንፉ ዙር ከባሕር ወለሉ በስንት በመቶ መጨመር ይኖርበታል?