ተጨማሪ መረጃ፦ ከምረቃ በኋላ አምቦ

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። አገር የሚያውቃት በማዕድን ውኃዋ ነው፤ ውኃው በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነበር። ተማሪ ያመጣላት ግን እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በጉደርና በወሊሶም ካምፓስ አለው።

ወጣቱ ወደ ከተማዋ የሚመጣው በትምህርት ሚኒስቴር ተመድቦ ነው። ከተመረቀ በኋላ እዚያው መቅረት ግን የራሱ ውሳኔ ይሆናል።

ለመቅረት የሚያበቃው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሥራ ነው። አምቦ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ በመሆኗ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ባለሙያ ይፈልጋሉ። ግብርና ላጠና ሰው ደግሞ ያው የነቀምቴ መንገድ በራሱ ትልቅ ዕድል ነው፦ ሆለታ፣ አምቦና ባኮ እያንዳንዳቸው የግብርና ምርምር ማዕከል አላቸው። የአምቦው ማዕከል በሰብል ጥበቃ ምርምር ይታወቃል፤ የተክል በሽታን ለሚያጠና ተመራቂ ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል።

ቱሪዝምም አዲስ በር ከፍቷል። ከአምቦ በስተደቡብ ያለው ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ተመርጧል።

አዲስ አበባ ቅርብ መሆኗ ግን በሁለት በኩል ይሠራል። ቤተሰብ ለመጠየቅ ያመቻል፤ የተሻለ ደመወዝ የሚፈልገውንም ወጣት በቀላሉ ይስባል። ለመቅረት ለወሰነ ደግሞ ቋንቋ ይረዳዋል፦ አፋን ኦሮሞ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ስለሆነ፣ ከሌላ ክልል መጥቶ በተማሪነት ዘመኑ ቋንቋውን የለመደ ተመራቂ በመሥሪያ ቤቶቹ ለመቀጠር የተሻለ ዕድል አለው።