አድራሻችሁን ለሱቅ አትስጡ

ትናንት ማታ «አሳይለም ቆሟል፣ ከእንግዲህ ኮርት የለም» የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር አደረ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ ስልኩ በዚሁ ጥያቄ ተጨናንቋል። «ታዲያ ሐሙስ መቅረብ አለብኝ?» አዎ፣ አለባችሁ! እየተናደድኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ኮርት አልቆመም። ዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ላይ የአሳይለም ውሳኔ እንዲያዝ መመሪያ ያወጣው ዩኤስሲአይኤስ ነው፤ እሱ የሆምላንድ ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ዳኛው በሌላ መሥሪያ ቤት መመሪያ ችሎት አያጥፍም። ቀጠሮ ያለው ይቀርባል፣ በቃ።

2. ወርክ ፐርሚት። ከኦክቶበር 30፣ 2025 ጀምሮ ለገባ እድሳት ያ የለመድነው የ540 ቀን ማራዘሚያ የለም። ከዚያ በፊት ያስገባ አልተነካም። (ቲፒኤስ የራሱ አካሄድ ስላለው እዚህ አልገባበትም።) ካርዱ ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው ማስገባት እየተቻለ የመጨረሻውን ሳምንት ለምን እንደምትጠብቁ አይገባኝም። ከዲሴምበር 5፣ 2025 ወዲህ ደግሞ ለአሳይለም የሚወጣው ካርድ ቢበዛ 18 ወር ነው፣ እንደ ድሮው አምስት ዓመት አይደለም። ኪሳችሁ ያለው የአምስት ዓመት ካርድ ግን በዚህ ምክንያት አያጥርም። «ተሰርዟል፣ ልቀይርልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። ክፍያም ቢሆን ከኦክቶበር 28፣ 2025 ወዲህ በካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ነው፤ መኒ ኦርደር ገዝቶ የላከ ሰው ፋይሉ ይመለስበታል። ወደ የትኛው አድራሻ? እንግዲህ ሦስተኛው ይኸው ነው።

3. አድራሻ። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ እንደጮህኩ የሥራ ባልደረቦቼ ይመስክሩ።

ሰሞኑን አንድ አባት የማስወጣት ትእዛዝ ይዘው መጡ (ማን እንደሆኑ የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም)። ወረቀቱን ሳገላብጥ አድራሻው ከሚኖሩበት ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

«ጋሼ፣ ይህ የማን አድራሻ ነው?»

«ፎርሙን የሞላልኝ ልጅ ሱቅ ነዋ። ቤት ስለማቀያይር ደብዳቤ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ነው።»

ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል። የቀጠሮው ደብዳቤ እዚያው ቀረ፣ ጋሼ አልቀረቡም፣ ዳኛው በሌሉበት ወሰነባቸው። አሁን ጠበቃ ይዘው ኬዙ እንደገና እንዲከፈት እየጠየቁ ነው። ማመልከቻው ከገባ ዳኛው እስኪወስንበት ድረስ ማስወጣቱ ይታገዳል። ከባድ እክል ገጥሞት የቀረ ሰው 180 ቀን አለው፤ በሕጉ መሠረት ጥሪ ያልደረሰው ደግሞ የቀን ገደብ የለበትም። ችግሩ ግን መንግሥት የሚከራከረው «ራሱ ወደ ሰጠን የመጨረሻ አድራሻ ልከናል» ብሎ ነው። ልከዋል! አድራሻውን የሰጡት ደግሞ በወረቀት ላይ እሳቸው ናቸው። ፈርመውበታል።

ምን ላይ እንደምትፈርሙ ታውቃላችሁ? አይ-589 ፓርት ዲ ላይ ከትዳር ጓደኛህ፣ ከወላጅህና ከልጆችህ ሌላ ይህን ያዘጋጀልህ ሰው አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ፓርት ኢ ያ ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ የሚፈርምበት ነው። እነዚህ ፎርም የሚሞሉ ልጆች ፓርት ዲ ላይ «የለም» የሚለውን ምልክት ያደርጉና ፓርት ኢን ባዶ ይተዉታል። ከዚያ እናንተ «ውሸት ከሆነ በሕግ ልጠየቅ» ብላችሁ ከሥሩ ትፈርማላችሁ። እሱ ብሩን ተቀብሏል፣ ስሙ ግን የትም የለም። ነገ ኬዙ ቢበላሽ ተጠያቂው ማነው? ይባስ ብሎ «ወገኔን እየረዳሁ ነው» ይላል። የረዳ ሰው ይፈርማላ!

የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ፣ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ እውቅና ያለው ተወካይ ነው። ዝርዝሩ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ታክስ ሠሪ፣ አስተርጓሚ፣ ትራቭል ኤጀንት ስለሆነ ብቻ ማንም እዚያ ውስጥ አይገባም፣ ቲክቶከርማ ጭራሽ። እኔም ኬዝ ማኔጀር እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለዚህ ነው የት እንደምትሄዱ የምነግራችሁና ታሪካችሁን ግን የማልጽፍላችሁ። በዚህ የተቀየሙኝ አሉ፤ ይቀየሙ።

ቤት ስትቀይሩ ለዩኤስሲአይኤስ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 የሚባለውን ቅጽ። ኮርት ኬዝ ያለው ሰው በተጨማሪ ለኮርቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ኢኦአይአር-33። ሁለቱም ናቸው፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው አይነግርም! ፖስታ ቤት ሄዶ ፎርዋርድ ማስደረግም አያድንም፤ የዩኤስሲአይኤስ ፖስታ ወደ አዲሱ ቤታችሁ ከመከተል ይልቅ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ካርዳችሁም አብሮ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ቤዝመንት በደባልነት የምትኖሩ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ስማችሁን ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። የኮርት ቀጠሮ ደግሞ በደብዳቤ ብቻ አይጠበቅም፤ 1-800-898-7180 ደውላችሁ ኤ ነምበራችሁን ስታስገቡ ማሽኑ ይነግራችኋል። በየሳምንቱ ደውሉ፣ ነጻ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የሰውን ሕይወት የሚወስን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ብቻ ይልካል፣ ለሁለት መሥሪያ ቤት ሁለት ቅጽ ያስሞላል። ሲደወል ሰው አይነሳም፤ ድረ ገጹ ላይ ኤማ የምትባል የኮምፒውተር ረዳት አለች፣ እሷም እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው የምትችለው። የእኛ ማኅበራትስ? ለእራት ግብዣ አዳራሽ ይከራያሉ፣ ባነር ያሳትማሉ፣ ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ ይነሳሉ። አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ሰው አድራሻውን እንዲያስተካክል እናድርግ ብዬ የጠየቅኳቸው አሉ። «በቦርድ ይታያል» አሉኝ። እየታየ ነው መሰለኝ።

4 ብዬ ስለ እርዳታ ልጽፍ ነበር፣ ግን እሱም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ገባ። ተፈቅዶለት አሳይሊ የሆነ፣ ልጅ የሌለው ሰው ያገኝ የነበረው የገንዘብ ድጋፍ ከሜይ 5፣ 2025 ወዲህ ከ12 ወር ወደ 4 ወር ወርዷል። አራቱ ወር የሚቆጠረው አሳይለሙ ከተፈቀደበት ቀን ነው፣ ደብዳቤው እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። በተሳሳተ አድራሻ የሄደ የማጽደቂያ ደብዳቤ ሦስት ወር ከዞረ የቀረችው አንድ ወር ናት። ከዚያ በኋላ መጥታችሁ እኔ ላይ ብትቆጡ ምን ላድርግ?

ፉድ ስታምፕንም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ሬፊውጂና አሳይሊን ከብቁዎቹ ዝርዝር አውጥቷል። በሜዲኬይድም ተመሳሳይ ገደብ ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ እንዲሠራ ተጽፏል። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው ምን እንደሚያስጨርስ ንገሩኝ።

ደግሞ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ኤ ነምበራችሁን አትጻፉ። ቅድምም የጻፉ ነበሩ፣ አጥፍቻለሁ። የደብዳቤ ፎቶም በኢንቦክስ አትላኩልኝ፣ አልከፍተውም። ወረቀቱን ከነፖስታው ይዛችሁ ቢሮ ኑ፤ ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም የተላከበትን ቀን ስለሚያሳይ አትጣሉት።