የዶክትሬት ጥናትና የእንጨት ሸክም

ለመሆኑ «ዓለም አቀፍ ልማት» በሚባለው ዘርፍ የሚካሄድ የዶክትሬት ጥናት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ በባሕር ማዶ የሚጻፍ ወፍራም ጥራዝ ይታየናል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው ገና በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ዳሩ ግን ዋናው ነገር ጥራዙ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ እንጦጦ ራጉኤል ይበቃናል።

በራጉኤል ዙሪያ የምናየው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ የማገዶ እጦት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያስነሣው ደርሶ ነበርና ዛፉ ባለውለታችን ነው። ሮናልድ ሆርቫዝ የተባሉ የጂኦግራፊ ምሁርም በ1968 እ.ኤ.አ. ስለ አዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ደን ጥናት አሳትመዋል።

ታዲያ ዛፉን ያየ ሁሉ ተሸካሚዋን አያይም። ወገብ የሚያጎብጥ ጭራሮና ቅጠል አዝላ ቁልቁል የምትወርደውን ሴት አንዳንዱ «ደን አጥፊ» ብሎ ያልፋታል። ፍቅርተ ኃይሌ ግን በ1991 እ.ኤ.አ. በዓለም የሥራ ድርጅት በኩል በወጣው ጥናታቸው ስለነዚሁ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጻፉ። በዚያ ዘመን ከከተማው የማገዶ እንጨት ሲሶ ያህሉ በሴቶቹ ጀርባ ይገባ እንደነበረ ተገምቷል። «አጥፊ» የተባለችው የከተማውን ምድጃ ታሞቅ ኖሯል!

የዶክትሬት ተማሪ የሚከተለውም መንገድ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቀደም ብሎ የተጻፈውን ያነባል። ቀጥሎ ቦታው ድረስ ወርዶ ተሸካሚዋንም፣ የደን ጥበቃውንም፣ ገዢውንም ይጠይቃል። የሰማውን ከቆጠረውና ከመዘነው ጋር ያስተያያል። በመጨረሻም የደረሰበትን ጽፎ በፈታኞች ፊት ቆሞ ይከራከርበታል። ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። እንግዲህ ለአጥኚ የሚሆን ጥያቄ ይኸውላችሁ፦ በእንጨት ሸክም ይተዳደሩ የነበሩት ሴቶች ዛሬ በምን ይተዳደራሉ? ልጆቻቸውስ ትምህርት ቤት ናቸው ወይስ ሌላ ሸክም ላይ?

ለዚህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ ቅርብ የምንሆነው እኛ መምህራን ነን። ነገ በክፍላችን አርፍዳ የምትገባ ልጅ ብናገኝ ከመቅጣታችን በፊት «ጠዋት የት ነበርሽ?» እንበላት፤ መልሷንም እንመዝግብ። ምርምር የሚጀምረው ከዚያ ነውና።