የዋሻው መዥገርና የልብስ ቅማል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር መዥገርን የማያውቅ ገበሬ አይገኝም፤ ከላሙ ጡት ሥር ተጣብቆ ለቀናት ደም ሲመጥ ያየዋል። ነገር ግን ይህ መዥገር ሌላ ዘመድ አለው፤ በጀርባው ጠንካራ ጋሻ ስለሌለው ለስላሳ መዥገር ይባላል። ከወገኑ አንዳንዱ የሌሊት ወፍ በሚያርፍበት ዋሻ ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። ወፎቹ ሲያርፉ ወጥቶ ፈጥኖ ይጠግባል፤ ተመልሶም ይደበቃል፤ ሳይበላ ለብዙ ወራት ይታገሣል።

ይህ ለምን ያሳስበናል ያልን እንደ ሆነ፤ ሄደ ሲሉት የሚመለሰውን ትኩሳት፤ ማለት ግርሻን፤ ከሚያስተላልፉት አንዱ ለስላሳ መዥገር ስለ ሆነ ነው። በዛምቢያ የዚህ በሽታ ወገን የሆነ ተሕዋስ በሌሊት ወፎችና በመዥገሮቻቸው፤ በአንድ ሕመምተኛም ደም ውስጥ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2019 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ገልጠዋል።

ታዲያ ዋሻውን በጭስ እንሙላው? አይደለም። በአገራችን ግርሻን በይበልጥ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። የቅማሉ ተሕዋስና በምሥራቅ አፍሪካ ለስላሳ መዥገር የሚያስተላልፈው ተሕዋስ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን በ2008 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣ የዘር ምርመራ አሳይቷል። መዥገሩ በዋሻው ይቀራል፤ ቅማሉ ግን ከሰው ጋር ይጓዛል። በባሕር ዳር በሽታው በቀን ሠራተኞችና በቆሎ ተማሪዎች ላይ ታይቷል።

ቅማልን ለማጥፋት ልብስን በፈላ ውሃ ማጠብ ይበቃል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን መለወጫ የሌለው ተማሪ ልብሱ እስኪደርቅ ምን ይልበስ? ወደ ገጠር የምትሾም ወጣት ወንድሜ፤ ምክር ከመስጠትህ በፊት ይህን አስብ።