የተደገመች «ዲ» ወይስ የተሸረፈ ማኅተም?

የአሜሪካ ፔኒ (የአንድ ሳንቲም ገንዘብ) እጃችሁ ከገባ ዓመተ ምሕረቱ ሥር ተመልከቱ። «ዲ» ካለች ፔኒው የተመታው ዴንቨር ነው፤ «ኤስ» ካለች ሳን ፍራንሲስኮ። ፊደሏ ድርብ መስላ ከታየች ግን ቶሎ አትደሰቱ። በዚህች ፊደል ላይ ሰብሳቢ ገንዘብ የሚያወጣበት ድርብነት አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ድሮ ይህቺ ፊደል ሳንቲሙን በሚመታው የብረት ማኅተም ላይ የምትቀረጸው በእጅ ነበር። ሠራተኛው ጫፉ ላይ ፊደል ያለበትን ብረት ማኅተሙ ላይ አቁሞ በመዶሻ ይመታል። አልጠለቀ እንደሆነ ይደግመዋል። በሁለቱ ምቶች መካከል ብረቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ማኅተሙ ሁለት ፊደል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመታው ፔኒ ሁሉ ያንኑ ይዞ ይወጣል። በ1909 (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ከተሠሩት የሊንከን ፔኒዎች በአንዳንዶቹ ላይ ከቆመችው «ኤስ» ሥር በጎኗ የተጋደመች ሌላ «ኤስ» አለች። መጀመሪያ አጋድሞ መታት፣ ከዚያ አቃንቶ ደገማት።

ማኅተሙም ያረጃል። ሲሸረፍ የተረፈውን ጉድጓድ የፔኒው ብረት ይሞላዋል፣ ፔኒው ላይም እብጠት ሆኖ ይወጣል። የተደገመችውም ፊደል እብጠት ናት፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ቅርጹን ፈልጉ። የተደገመች «ዲ» ከዋናዋ ጎን ለጎን የሚሄድ ጥምዝ፣ ወይም ጫፏ ላይ እንደ ምላስ የተሰነጠቀ እግር ታሳያለች። ሽራፊው ግን ቅርጽ የለውም፤ ማኅተሙ በሠራ ቁጥርም ሊሰፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚያታልለው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የማኅተም ጉዳትም አይደለም። ማኅተሙ ከመታ በኋላ ትንሽ ቢንሸራተት የፊደሏን ጠርዝ ጨፍልቆ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ መደብ ይተዋል። ብርሃኑን ከጎን አምጥታችሁ ፔኒውን አዙሩት፦ መደቡ ጠፍጣፋ ሆኖ ካበራና ዋናዋ ፊደል ከሳስታ ከታየች፣ ተጨማሪ ፊደል የለም፤ የነበረችው ናት የተጨፈለቀችው። በተደገመችው ላይ ዋናዋ «ዲ» ውፍረቷን አታጣም።

በ1990 (እ.ኤ.አ.) የፔኒና የኒክል (የአምስት ሳንቲም ገንዘብ) ፊደል ማኅተሞቹ ሁሉ ከሚወጡበት ከዋናው ቅርጽ ጋር አብራ መቀረጽ ጀመረች፤ መዶሻው ቀረ። ስለዚህ የ1995 ፔኒ ይዞ «ዲዋ ተደግማለች» እያለ ዋጋ ለሚጠራባችሁ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ።