«ሙሉ በሙሉ በኦንላይን» የሚሰጥ የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት የሥራ ፈቃድ ያስገኛል?

አሜሪካ ውስጥ ተምሮ በፊዚዮቴራፒስትነት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከፊቱ የሚያገኘው ዲግሪ አንድ ነው፤ በምሕጻር «ዲፒቲ» የሚባለው የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት። ቀድሞ በባችለር፣ በኋላም በማስተርስ ዲግሪ ይገባበት የነበረው ሙያ፣ ከአውሮፓውያኑ 2016 ወዲህ በአገሪቱ ለሚማሩ ከዶክትሬት በታች መግቢያ የለውም።

ስሙ «ዶክትሬት» ይሁን እንጂ ዲግሪው የምርምር ዲግሪ ከሆነው ፒኤችዲ ይለያል። እንደ ሐኪሞች ዲግሪ ሁሉ ወደ ሙያው የሚያስገባ ነው። በኔብራስካ የሚገኘው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ በ1993 ቀዳሚ ሆኖ ከጀመረው በኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው፣ እንደ ሰውነት ጥናት፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያሉ ኮርሶችንም አስቀድሞ ወስዶ ሊገኝ ይገባል። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ግቢ ውስጥ መዋል ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሚኒሶታ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ልጆቹን የሚያሳድግ፣ ለወላጆቹም ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ «ከቤትዎ ሳይወጡ ዶክትሬት» የሚል ማስታወቂያ ቢስበው አያስገርምም። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ሆኖ የአሜሪካ ዲግሪ የሚመኝም እንዲሁ። ችግሩ ማስታወቂያው በአብዛኛው እርሱን የማይመለከት መሆኑ ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ዲግሪ

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦንላይን የሚሰጠው ዲግሪ «የሽግግር ዲፒቲ» ይባላል። የተዘጋጀውም በባችለር ወይም በማስተርስ ተመርቀው የሙያ ፈቃድ ላላቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ነው። ሙያው ወደ ዶክትሬት ሲሸጋገር እነርሱ ወደኋላ እንዳይቀሩ፣ የቀደመ ትምህርታቸውን ከአዲሱ ጋር ለማስተካከል ታስቦ የመጣ ነው። በሽተኛ መያዝና መመርመር አስቀድሞ ያውቃሉ። የሚቀራቸው የንባብና የትንተና ትምህርት በመሆኑ በኮምፒውተር መስጠቱ አያስቸግርም።

ወደ ሙያው አዲስ ለሚገባ ሰው ግን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ ዕውቅና ያለው ዲፒቲ የለም። የፊዚዮቴራፒ ትምህርትን የሚመዝነው ኮሚሽን፣ በምሕጻሩ «ካፕቴ»፣ ተማሪው ቢያንስ 30 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የክሊኒክ ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ያለ ካፕቴ ዕውቅና አሜሪካ ውስጥ የተማረ ሰው ብሔራዊውን የፈቃድ ፈተና መውሰድ አይችልም፤ ካፕቴ ደግሞ ለሽግግር ዲፒቲ ዕውቅና አይሰጥም። የሥራ ፈቃድ የሚሰጡት ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ የሚጠይቁትም የፈተናውን ውጤት ነው።

ይህ የቢሮክራሲ ጥብቅነት ብቻ አይደለም። ግማሽ አካሉ በስትሮክ የሰነፈ ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲዛወር፣ ረዳቱ ጉልበቱን የት ማሳረፍ፣ ክብደቱን መቼ መልቀቅ እንዳለበት በቪዲዮ ማየት ይቻላል። እጅ የሚለምደው ግን በመንካት ነው። የታማሚው ጡንቻ ሲገትር መሰማት፣ የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ በዲግሪ መለካት፣ ሕመምተኛው «በቃ» ከማለቱ በፊት ፊቱን አንብቦ ማቆም፣ አስተማሪ አጠገብ ቆሞ ካላረመው ስሕተቱ ልማድ ሆኖ የሚቀር ነው።

ከኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አሜሪካ የገባ ባለሙያ ጉዳይ የተለየ ነው። እርሱ መንገዱን ከዜሮ አይጀምርም። የትምህርት ማስረጃው ከአሜሪካው ጋር ያለው አቻነት በገምጋሚ ድርጅት ይመዘናል፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ሊጠየቅ ይችላል፤ ከዚያ ብሔራዊው ፈተና ይከተላል። በግምገማው የጎደሉ ኮርሶች ከተገኙ ማሟላት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ በከንቱ ሊወጣ የሚችለው፦ የሽግግር ዲፒቲ በራሱ ግምገማውንም ፈተናውንም አይተካም። የትኛው ኮርስ የትኛውን ጉድለት እንደሚሞላ ሊሠራበት ያሰበበትን ክፍለ ግዛት የፈቃድ ቦርድ አስቀድሞ መጠየቅ ከክፍያው ሁሉ መቅደም አለበት።

ቅይጡ መንገድ

በሁለቱ መካከል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋ ሦስተኛ ዓይነት አለ። ንድፈ ሐሳቡ በኦንላይን፣ የእጅ ሥራው በአካል የሚሰጥበት «ሃይብሪድ» ወይም ቅይጥ ፕሮግራም ነው። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ፣ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲና በቴነሲ የሚገኘው ሳውዝ ኮሌጅ ከሚሰጡት መካከል ናቸው። ተማሪው በየሴሚስተሩ ለተወሰኑ ቀናት ወደ ማሠልጠኛው ተጉዞ ከጠዋት እስከ ማታ በቤተ ሙከራ ይውላል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የክሊኒክ ልምምዱ እንደማንኛውም ተማሪ በሆስፒታሎችና በክሊኒኮች ነው።

«ቅይጥ» ማለት ግን «የትርፍ ጊዜ» ማለት አይደለም። ከእነዚህ ፕሮግራሞች የተወሰኑት የሦስቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ገደማ ስለሚጨርሱ፣ ከግቢው ትምህርት ይልቅ የተጣደፉ ናቸው። ከመኖሪያ ከተማ አለመነቀል ትልቅ ጥቅም ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የዘመድ ድጋፍ ባሉበት ይቆያሉ። የሙሉ ጊዜ ሥራ ይዞ መዝለቅ ግን የማይመስል ነው። ሥራቸውን ላልለቀቁ ሰዎች የተዘጋጁ፣ ቤተ ሙከራው በቅዳሜና እሑድ የሚሰጥባቸው ረዘም ያሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ በእነርሱም ቢሆን የክሊኒኩ ልምምድ ሲደርስ ሥራ መልቀቅ ግድ ይላል።

የአውሮፕላን ትኬቱና የሆቴሉ ወጪ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ተካቶ እንደሆነ ማጣራት ተገቢ ነው። ብዙውን ጊዜ አይካተትም።

በግቢ የሚማር ሰው የሚያገኘው ትልቁ ነገር መምህሩ እጁን በየሳምንቱ ማየቱ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪም ከክፍል በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ የሚያደርገው ልምምድ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ብቻውን አንብቦ መርሐ ግብሩን ራሱ የሚያስከብር ሰው ቅይጡን ይወጣዋል። በመጀመሪያ ዲግሪው ጊዜ የኦንላይን ኮርስ እየተንጠባጠበበት የተቸገረ ሰው ግን በዶክትሬት ደረጃ ይቀለኛል ብሎ ባይጠብቅ ይሻላል።

የብድሩ ጣሪያ

በአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት በ2023 የፊዚዮቴራፒስቶች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 99,710 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ጥሩ ገቢ ነው፤ ከሐኪም ገቢ ጋር ግን አይተካከልም። የትምህርት ዕዳው የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው።

በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ስሌቱን ቀይሮታል። ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት የሚያገኘው ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው ደግሞ 100,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተገድቧል። እንደ ሕክምናና ሕግ ላሉ «የሙያ» ዲግሪዎች ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በ2025 ማብቂያ ላይ ከተደራዳሪዎች ጋር በተስማማበት ረቂቅ ፊዚዮቴራፒ ከእነዚህ የሙያ ዲግሪዎች ተርታ አልገባም።

በዚህ ጣሪያ ሥር አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ርካሹ አይሆንም። በደፈናው ሲሰላ የሁለት ዓመት ተማሪ 41,000፣ የሦስት ዓመቱ 61,500 ዶላር ድረስ መበደር ይችላል። ክፍያው ተመሳሳይ ከሆነ አጭሩን የመረጠው ቀሪውን ከግል ባንክ፣ ብዙውን ጊዜ በከፍተኛ ወለድና ዋስ ተጠይቆ ሊበደር ነው። በሌላ በኩል አንድ ዓመት ቀድሞ ደመወዝ ይጀምራል። ያለ ዕረፍት በሚያስተምሩ ኮሌጆች «የትምህርት ዓመት» የሚቆጠርበት መንገድ ስለሚለያይ፣ ትክክለኛውን ቁጥር የኮሌጁ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ከመመዝገብ በፊት

አዲስ የተከፈቱ ፕሮግራሞች ሙሉ ዕውቅና ሳይኖራቸው «ዕጩ» በሚል ደረጃ ተማሪ መቀበል ይችላሉ። ዕጩነት ዋስትና አይደለም። ፕሮግራሙ በመጨረሻ ዕውቅናውን ቢከለከል፣ ዓመታት የከፈለው ተማሪ ለፈተና መቀመጥ ላይችል ይችላል። የእያንዳንዱ ፕሮግራም ደረጃ በካፕቴ ድረ ገጽ ላይ ይታያል።

ካፕቴ ፕሮግራሞች በሁለት ዓመት አማካይ ቢያንስ 80 በመቶ ተማሪዎቻቸውን እንዲያስመርቁ፣ ከተፈታኞቻቸውም ቢያንስ 85 በመቶው በመጨረሻ ፈተናውን እንዲያልፉ ይጠብቃል። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ማየት ያሳስታል። ሁሉም ተመራቂዎቹ ፈተና አለፉ የሚል፣ ነገር ግን ከአምስት ተማሪዎች አንዱ መንገድ ላይ የሚቀርበት ኮሌጅ ሊኖር ይችላል፤ የቀረው ተማሪ ዕዳ ደግሞ አብሮት ይቀጥላል።

ከምሥራቅ አፍሪካ በተማሪ ቪዛ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ምርጫው ከዚህም ይጠባል። በ«ኤፍ-1» ቪዛ የሚማር ሰው በአንድ ሴሚስተር ለሙሉ ጊዜ ትምህርት ሊቆጠርለት የሚችለው አንድ የኦንላይን ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ትምህርት በኦንላይን የሚሰጥበት ቅይጥ ፕሮግራም ለእርሱ በሩ ዝግ ሊሆን ይችላል። ፌደራላዊውን ብድርም አያገኝም።

የሽግግር ዲፒቲ በበኩሉ ፈቃድ ላለውና አገሩ ሆኖ ማስተማር ወይም በሙያው መላቅ ለሚሻ ፊዚዮቴራፒስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያሉት የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያዎች ከ10 ያነሱ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዲግሪው ለደረጃ ዕድገት እንዲቆጠር ግን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻነት ግምት ያስፈልጋል። ተቋሙና የትምህርት አሰጣጡ ተቀባይነት እንዳላቸው ጥያቄውን ለባለሥልጣኑ ማቅረብ የሚገባው የመጀመሪያው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው።