ድመትን በቱቦ መመገብ

ድመት እህል መቅመስ ካቆመች ሁለት ሦስት ቀን ሲሞላት፣ አለመብላቷ ራሱ ሌላ በሽታ ይሆናል። ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቷ ግን ያን ሁሉ መቋቋም ስለማይችል በስብ ይሞላል፣ ድዷና የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል። ወፍራም ድመቶች ላይ ይህ ይብሳል። ዋናው መድኃኒት ምግብ ነው። በግድ ማጉረስ ግን ምግቡን ያስጠላታል፤ ትን ካላትም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ ቱቦ ያስገባላታል። አንዱ ዓይነት በግራ አንገቷ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧዋ የሚገባ ነው። ሌላው በግራ ጎኗ ቆዳና የሆድ ግድግዳ አልፎ በቀጥታ ጨጓራዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህኛው ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ምን ይሰጣት? አጥሚት፣ የሾርባ ውሃ ወይም ወተት አይበቃትም። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ከእህል የማታገኛቸው የፕሮቲን ክፍሎች ያስፈልጓታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሷን ይሰብራሉ፤ ከወጥ የተቀዳ መረቅ እንኳ አይታሰብም። የሚሻለው ለሕሙማን ድመቶች የተሠራው የቆርቆሮ ምግብ ነው፤ በውሃ ቀጥኖ፣ በብሌንደር ተፈጭቶ፣ በወንፊት ይጠለላል። ማጥለሉ እንደ ትርፍ ሥራ ይታያል፤ ግን ቱቦ የሚደፍነው ያችው ሳትፈጭ የቀረች ቁራጭ ናት።

አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 200 ኪሎካሎሪ ትፈልጋለች። የተዘጋጀው ምግብ በሚሊ ሊትር አንድ ኪሎካሎሪ ያህል ካለው፣ ይህ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለአምስት ሲከፈል በአንድ ጊዜ 40 ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ግን ሲሶው ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛው ይሰጣል። ለቀናት ባዶ የቆየ ሰውነት በአንዴ ሲጠግብ በደም ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም ያሽቆለቁላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። ቶሎ እንድትድን ብሎ ማብዛት እዚህ ላይ ደግነት አይደለም።

ምግቡ ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም፤ በማይክሮዌቭ ለብ ከተደረገ በደንብ ተማስሎ በእጅ አንጓ ላይ ይሞከራል። ድመቷ በደረቷ ተኝታ ወይም ተቀምጣ ሳለ ክዳኑ ይከፈትና በባዶ ሲሪንጅ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ካለፈው ምግብ ከግማሽ በላይ ከተመለሰ ጨጓራዋ አላሳለፈውም ማለት ነው፤ ያ ዙር ይታለፋል። ካልሆነ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ አየሩ የወጣለት ሲሪንጅ ይገጠምና ምግቡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይገፋል። ከንፈሯን ደጋግማ ከላሰች፣ ለሃጯ ከተዝረበረበ ወይም ደጋግማ ከዋጠች ሊያስመልሳት ነው፤ ወዲያው ይቆማል። ሲያልቅ ቱቦው እንደገና በውሃ ታጥቦ ይከደናል። ክኒንም ቢሆን ከምግቡ ጋር አይቀላቀልም፤ ዱቄት ሆኖ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ለብቻው ይሰጣል። አንዳንዱ ክኒን ጨርሶ መፈጨት ስለሌለበት ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠየቃል።

ቱቦው ከተደፈነ ለብ ያለ ውሃ እየገፉና እየሳቡ መታገስ ነው። በኃይል መጫን ቱቦውን ይቀዳል፤ ሽቦ ማስገባትም አይሞከርም።

ቱቦው የወጣበት ቀዳዳ በየቀኑ ይታያል፣ ለብ ባለ ውሃ ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ፋሻውም ይቀየራል። ትንሽ ቅርፊት መኖሩ አያስደነግጥም፤ መግል፣ ሽታ፣ እብጠት ወይም የምግብ መፍሰስ ግን ወደ ክሊኒክ ያስኬዳል። ቱቦው ቆዳዋ ላይ የሚደርስበት ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ቢደረግበት መንሸራተቱ ቶሎ ይታወቃል። ሳል፣ ትንፋሽ ማጠርና ተደጋጋሚ ማስመለስ ከታየ ምንም ሳይጨመር ወደ ሐኪም ይደወላል።

አፏን ለማስለመድ በየዕለቱ ትንሽ ምግብ በሳህን ይቀርብላታል፣ ሳትገደድ። በራሷ በቂ እየበላች ክብደቷ ሳይቀንስ አንድ ሳምንት ካለፈ ቱቦው ይነሣል። የአንገቱ ቱቦ በማንኛውም ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ ቀዳዳው ያለ ስፌት በቀናት ውስጥ ይገጥማል። የጨጓራው ግን ከገባ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከወጣ የጨጓራዋ ይዘት ወደ ሆዷ ሊፈስ ይችላል፤ በድንገት ከወጣ ሳይመግቧትና ቱቦውን ራስ ሳይመልሱ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።